ቱቦው በሚያልፍበት

የከተማዋ የቀብር ቦታዎች ሞልተው ከተዘጉ ወዲህ ሰው ሁሉ ሟቹን የሚቀብረው በየግቢው ነው። እትዬ ውባለምም ባላቸውን ጋሼ ልሳኑን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር ከቀበሩ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ሽንት ቤቱ ሞልቶ ወደ ኮሪደር ሲፈስ፣ የቧንቧ ሠራተኛው መንክር መጥቶ ካሜራ ወደ ውስጥ አስገብቶ አየ።

«ቱቦው የተሰበረው ጋሼ ሥር ነው» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሳይቆፈር አዲስ ቱቦ በአሮጌው ውስጥ መሳብ ይቻላል፤ ግን ዋጋው ቤቱን ያሸጥዎታል። መቆፈሩ ይረክሳል፤ ግን ጋሼ መነሳት አለባቸው።»

«ይቆፈር» አሉ፣ ዳቦ እንደሚያዝዝ ሰው።

የባላቸው አጽም በትንሽ ሳጥን ሆኖ ሳሎን ገባ። ቱቦው እስኪቀየር ድረስ እትዬ ውባለም አጠገቡ ምሳቸውን በሉ፣ ዜና ሰሙ። ልቅሶ ይመጣ እንደሆነ ጠበቁ፤ አልመጣም።

ሥራው ሲያልቅ መንክር ሊያግዛቸው እጁን ዘረጋ። እሳቸው ግን ሳጥኑን ብቻቸውን አነሱት። በቀብራቸው ዕለት ባላቸውን ስድስት ጎረምሳ ነበር የተሸከማቸው፤ አሁን ከአንድ ባልዲ ውሃ አይከብዱም።

«ልሳኑ፣ ይህን ያህል ቀለልክ?» አሉ።

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ።