የእትዬ አስካለ ኤንጅል

ጩኸት የማይሰለቻቸው አከራዬ እትዬ አስካለ ዛሬ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ሳሎናቸው ባለው አኳሪየም ውስጥ፣ ኤንጅል የሚሏት ጠፍጣፋ ዓሣ ቅጠል ላይ እንቁላል ጥላለች። ከባሏ ጋር ሆና አጠገቧ የደረሰውን ዓሣ ሁሉ እያሳደደች ታባርራለች።

«እሷን ለምን ወደ ባልዲ አናወጣትም?» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ? በዚህ ሰዓት እናት ከቤቷ ትፈናቀላለች? የሚወጡት ሌሎቹ ናቸው!» ብለው መረቡን አቀበሉኝ።

ሌሎቹን ዓሦች አንድ በአንድ እየጨለፍኩ ባልዲ ውስጥ ከተትኩ። ስጨርስ መረቡን መልሼ ሰጠኋቸውና የገፋ ሆዴን ደግፌ ተነሳሁ።

«እንግዲህ ትናንት ‹ሳትወልጂ ቤቴን ልቀቂ› ያሉኝን ይርሱት፤ እኔም አልወጣም» አልኳቸው፣ ድምፄን ሳልቀንስ።