የሚኒስትሯ ደጅ

ሚኒስትር ከመሆኗ በፊት ጠበቃ ነበረች። ምላሷ የሰላ፣ ዳኛን የምታስፈራ ጠበቃ። ለደንበኞቿ የምትሰጠው ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ "አንተ ዝም በል፣ ለአፍ እኔ አለሁልህ።"

ስሟን ያስጠራው ግን የተሸነፈችበት ጉዳይ ነው። አንድ ወጣት የእናቱን ቤት በእሳት አጋይተሃል ተብሎ ተከሰሰ። እህቱ እሳቱ ውስጥ ቀርታለች። እናትየዋ ለምስክርነት ቢጠሩም ከለቅሶ በቀር ቃል አልወጣቸውም። ጠበቃዋ እድሏን አላሳለፈችም።

"እኚህን እናት እዩ!" አለች በጣቷ እያመለከተች። "አንዷን እሳት በላባቸው። አንዱን ደግሞ እናንተ ልትበሉባቸው ነው?"

ችሎቱ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ዳኞቹ ግን አስራ አምስት ዓመት ፈረዱበት። ጠበቃዋ በር ላይ ቆማ ለካሜራ አለቀሰች፤ "ንጹህ ሰው ታሰረ!" አለች። ያን ዕለት ማታ አገር አወቃት። ብዙም ሳይቆይ የፍትሕ ሚኒስትር ሆና ተሾመች።

ከሹመቱ በኋላማ ማን ይቻላት! ስታስነጥስ እንኳ የሚያጨበጭቡላት አማካሪዎች ከበቧት። የቢሮዋ ምንጣፍ ጫማ ይውጣል። ስለዚያ ወጣት ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

የእስረኞች ይቅርታ የሚሰጥበት ወቅት ሲቃረብ እናትየዋ መጡ። እጇ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባትን የልጅ ልጃቸውን አስከትለዋል፤ የሟቿ ልጅ ናት።

"ምን ፈልገው ነው፣ እማማ?" አለቻቸው ጸሐፊዋ።

"ስለ ልጄ ነው። ለእሷ ለራሷ የምነግራት . . ."

"አውቃለሁ፣ እማማ፣ አውቃለሁ። የእርስዎን ጉዳይ የማያውቅ አለ እንዴ? ይቀመጡ።"

ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። በሳምንቱም። ሚኒስትሯ በጓሮ በር መግባት ጀመረች።

"እናቶች ሲያለቅሱ ራሴን ያመኛል፤ ሌላ ጊዜ በሏቸው" አለች።

ጸሐፊዋ አንጀቷ አረረ። "እንዲህም አድርጎ ሰው አለ? በእኚህ ሴትዮ እንባ አይደል እዚህ የደረሰችው!" አለች ለጥበቃው።

"ተያት፤ ወንበር ላይ የወጣ መሬት አይታየውም" አለ ጥበቃው፣ ምራቁን ጢቅ አድርጎ። ከዚያ ወደ ትንሿ ልጅ ጎንበስ አለ። "አይዞሽ የኔ እናት፣ አጎትሽ ይፈታል።"

ልጅቷ አያቷ ጉያ ውስጥ ተሸጎጠች። ጥበቃው "ናፍቆት ክፉ ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ወሬው አንድ ጋዜጠኛ ጋ ደረሰ። መጣና እናትየዋን አግዳሚው ላይ እንዳሸለቡ ፎቶ አነሳቸው። አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቃቸው፣ በፎቶው አናት ላይ "በእንባዬ ተሾምሽ፣ ልጄን ስጪኝ!" ብሎ ጻፈ። ከተማው ታመሰ። ሚኒስትሯ ጋዜጣውን አይታ አመድ መሰለች።

"ምንም አይደል፣ ክብርት ሚኒስትር፤ ለእኛው ጥቅም እናውለዋለን" አለ አንደኛው አማካሪ፣ እጁን እያፋተገ።

አርብ ዕለት አዳራሹ በአበባ አጌጠ። ካሜራ ተደረደረ። እናትየዋን አዲስ ነጠላ ገዝተው አለበሱና ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እሳቸው የአማካሪውን እጅጌ ጎተት አደረጉ።

"ልጄ፣ መቼ ነው የማናግራት?"

"አሁን፣ እማማ፣ አሁን። መጀመሪያ እሷ ትናገር፤ ከዚያ እርስዎ ይመርቃሉ።"

ተናገረች። ስለ ፍትሕ ተናገረች፣ ስለ እናት አንጀት ተናገረች፣ ስለ ራሷ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ከሁሉም አስረዝማ ተናገረች። የሚያስመልስ ንግግር ነበር። ሲያበቃ የጎን በር ተከፈተ። ወጣቱ ተላጭቶ፣ አዲስ ሱፍ ለብሶ፣ እየሳቀ ገባ። ይቅርታውን ሚኒስትሯ ያን ዕለት ጠዋት ፈርማው ነበር።

አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ጸሐፊዋ መሀረቧን አወጣች፤ "ወይኔ፣ በከንቱ አማኋት" አለች። ጥበቃው አንገቱን ደፋ። የሰው ዓይን ሁሉ ወጣቱ ላይ ስለነበር ትንሿን ልጅ ያያት የለም።

ሚኒስትሯ ከመድረክ ወርዳ እናትየዋን አቀፈች፤ ካሜራዎቹ እስኪጠጉ ድረስ አለቀቀቻቸውም። ከዚያ ማይክራፎኑን አፋቸው ላይ ደቀነችላቸው።

"እማማ፣ በሉ ደስታዎን ለሕዝቡ ይንገሩ።"

"ኧረ ልጄ፣" አሉ እናትየዋ፣ "እኔኮ ይህን ያህል ጊዜ ደጅ የጠናሁት እንዳትፈቺው ልለምንሽ ነው።"