የእትዬ ዘነቡ ቤት እግሮች

በአረጋውያኑ መንደር ቤቶች እግር አላቸው። ሰው በስተርጅናው ናፍቆት እንዳይጎዳው ተብሎ የተሠሩ ናቸውና፣ ባለቤታቸው እንቅልፍ ሲወስደው ብድግ ብለው ልቡ ወዳለበት ይሄዳሉ።

እትዬ ዘነቡ ግን ጎረቤታቸውን ጋሽ ገረመውን ለመንደሩ ኮሚቴ ከሰሱ።

«እግሩን የታጠበበትን ውሃ ጎመኔ ላይ እየደፋ አንጀቴን አሳረረው! ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ቤቴን ወዲያ ዳር ውሰዱልኝ!»

ኮሚቴውም በማግስቱ ወሰደላቸው።

አንድ ሌሊት አድረው ጠዋት መስኮት ሲከፍቱ፣ ከፊታቸው ያው የድሮው የጎመን መደብ ተዘርግቷል። ቤቱ ተመልሶ መጥቷል፤ እግሮቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ በጭቃ ናቸው።

«አንተ ከሃዲ!» አሉ ግድግዳውን በጥፊ እየመቱ። «መንደርተኛው ካየ ጉዴ ፈላ!»

ቀና ቢሉ የጋሽ ገረመው ቤት የለም። ከአጥሩ ማዶ አራት የእግር ዱካ ብቻ ቀርቷል።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ።

«ዘነቡ፣ የት ገባሽ?» አሉ ጋሽ ገረመው። «ይሄ ጅል ቤት አንቺን ብሎ ዳር ድረስ አምጥቶኝ፣ አንቺ የለሽም! የእግር ውሃዬን የት ልድፋው?»

እትዬ ዘነቡ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ባለህበት ቁም! እንቅልፍ የሚባል ነገር እንዳይወስድህ! ሁለታችንም ከተኛን ደግመን ልንተላለፍ ነው።»

ስልኩን ዘጉ። ከመደቡ ጥቂት ጎመን ከነሥሩ ነቅለው ወደ ቤት አስገቡና፣ ገና በማለዳው ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ።