የቀለሁ አንገት

ሆበርት፣ አንገቱ አዲስ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ የጥይት ቀለህ እህቱ አፍንጫ ሥር ደቀነ። የኦሃዮው የተኩስ ውድድር ሊጀመር ነበር።

«ዊልማ፣ ይህን ማን ነካው?»

«እኔ።»

«ልኩን የመረጥኩት እኔ፣ የፋቅሁት እኔ። ድንች ነው እንዴ የምትልጪው?»

ዊልማ ዓይኗን ከባሩዱ ሚዛን አላነሳችም። «አንገቱን ወፍራም ትተኸው ነበር። አረሩን አንቆ ይዞ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳ ነበር።»

«እኔ የፀጉር ታህል ተሳስቼ አላውቅም።»

«ያልነካሁት ይኸው። ለካው።»

የውፍረት መለኪያውን ማይክሮሜትር ነጠቃት። ቀለሁን በመለኪያው አፍ ሊያስገባ ሲሞክር ናሱ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ተንኳኳ። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ፤ መንኳኳቱ አልቆመም። አጠገባቸው ያለው ተኳሽ ዞር ብሎ አየና ፊቱን መለሰ።

«የእጄን ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ካለፈው መኸር።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

ቀለሁን መዳፏ ላይ ጣለው። «ለኪው» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ «ጮክ ብለሽ ግን እንዳታነቢው።»