የዴኒጻ አርባ

ቬሊችካ ወረቀቱን በኮምፒውተር ፋብሪካው የብረት በር ላይ ለጠፈችና በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው፤ ውርጩ ሙጫውን እንዳያስለቅቀው ፈርታለች። ጥቁር ጠርዝ፣ ከላይ መስቀል፣ ከመሃል ፎቶግራፍ። በዚያች ከተማ ሰው ሲሞት፣ ከዚያም በአርባውና በሙት ዓመቱ በየበሩ የሚለጠፈው ዓይነት የመርዶ ወረቀት ነው። ፎቶግራፉ ግን የሰው አልነበረም። እዚያው ፋብሪካ የተሠራ ግራጫ ኮምፒውተር ነበር።

«ዴኒጻ፣ 1979–1991» ይላል ከሥሩ። «ከፕራግ እስከ ቭላዲቮስቶክ ስንቱን ተማሪ ያስተማረች። በሕመም አልሞተችም። ዛሬ አርባዋ ነው።»

ከኋላዋ ስድስት ሴቶች በረዶው ላይ እግራቸውን ይቀያይራሉ። ሁሉም ጥቁር ሻሽ አስረው የንፍሮ ኩባያ ይዘዋል። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ ጎትታዋለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«ሳቅሽን ዋጪ፣ ሩስካ» አለቻት ቬሊችካ ሳትዞር። «ለቅሶ ላይ ነን።»

ዘበኛው ጋሽ ጋትዮ ከጎጇቸው ወጥተው ወረቀቱን አንድ ጊዜ አነበቡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት።

«ምነው ልጄ፣ ሥራ አስኪያጁ አሁን ይመጣል እኮ።»

«ባይመጣ ነው የሚቆጨኝ። ንፍሮ ይቅመሱ፣ ጋሼ» አለችና ከድስቱ ጨለፈችላቸው።

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ተቀበሉ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ይህን ሲሉ አልቀለዱም።

ቬሊችካ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የዴኒጻን ኪቦርድ ስትፈትሽ ኖራለች። ማሽኑ ሣጥን ከመግባቱ በፊት ሁሉንም ቁልፍ በተርታ ትመታና ጆሮዋን ታቀርባለች፤ የታመመ ቁልፍ ድምፁ ያስታውቃል። ያኔ ባቡሩ ጓሮ ድረስ ገብቶ ይጠብቅ ነበር። የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ወረፋቸው እንዲቀርብላቸው ማርና ቋሊማ ይዘው ደጅ ይጠኑ ነበር። ከዚያ ድንበሩ ተከፈተ፤ የሩቅ አገር ማሽን ፈጥኖም ረክሶም መጣ፤ ገዢው ፊቱን አዞረ። ለዚህ ማንንም አልረገመችም። የወጣ ይወርዳል፤ የሚያወጣም የሚያወርድም አንድ እሱ ነው።

ከጉሮሮዋ አልወርድ ያላት የራንጌሎቭ ነገር ነው። ሥራ አስኪያጁ ራንጌሎቭ የመፈተሻ መሣሪያዎቹን በጭነት መኪና አስወጥቶ ሲያበቃ በሩን ቆለፈ፤ የባዕድ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅም በራሱ ስም ከፈተ። ሠራተኛ በጠየቀው ቁጥር ግን መልሱ አንድ ነው፦ «ፋብሪካው አልተዘጋም፤ እረፍት ላይ ናችሁ።» ተዘግቷል ካለ መሣሪያው የት ገባ ይባላላ። እረፍት ላይ ላለ ሰው ደግሞ የሥራ ደብተሩ አይመለስለትም፤ ያለ ሥራ ደብተር በዚያ አገር ወለል ጠራጊም አይቀጠርም። ስፌት ቤቱ ቬሊችካን የሚጠብቃት እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው። ደብተሯ ከዚህ በር ሃያ እርምጃ ርቆ ብረት ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ቁልፉ ጋሽ ጋትዮ ወገብ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ «አለቃዬ ፋብሪካው አለ እስካለ ድረስ አለ ነው» ብለው አርባ ቀን አልፈቱትም።

የራንጌሎቭ መኪና ሲደርስ ቬሊችካ ጀርባዋን ወረቀቱ ላይ ለጥፋ ቆመች።

ራንጌሎቭ ጡሩምባውን ሊነፋ እጁን ሰንዝሮ ጥቁር የለበሱትን ሲያይ ተወው። ወረደ። ባርኔጣውን አወለቀ። ሃያ ዓመት በየስብሰባው «እግዜር የለም» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ የሙት ንፍሮ ግን በዚያ አገር ከሃዲም አይመልስም። ቬሊችካ ስኳርና ለውዝ ከበዛበት የድስቱ ጥግ በኩባያ ሞልታ ሰጠችው።

«ነፍስ ይማር» አለ፣ ድምፁን እንደ ወጉ ዝቅ አድርጎ። አንድ ትልቅ ማንኪያ ጎረሰና፣ ማን ነው የሞተው ለማለት ቅንድቡን አነሣ።

ቬሊችካ ከበሩ ገለል አለች።

አነበበ። መንጋጋው ቆመ።

«ነፍስ ይማር ብለሃል» አለችው። በአሥራ ሁለት ዓመት አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው። «ሰባት ሴት ሰምታሃለች፤ ጋሽ ጋትዮም ሰምተዋል። እረፍት ላይ ላለ ሰው አርባ አይወጣለትም። ሞታለች። ገድለሃት፣ ልብሷን ገፍፈህ፣ እኛን አልጋዋ ሥር አስረህ አስታምሟት ትለናለህ። ደብተራችንን ስጠን።»

አልጮኸችም። ማንኪያውን ድስቱ ላይ አጋደመችና ወደ ጋሽ ጋትዮ ዞረች።

ጋሽ ጋትዮ ቁልፉን ከወገባቸው ፈቱ። ራንጌሎቭ እጁን አነሣ፤ ጉንጩ እንደተወጠረ «እምም» አለ። ለመናገር ወይ መዋጥ አለበት፣ ወይ መትፋት። ከዋጠ አርባዋን በላ፣ መሞቷንም አመነ ማለት ነው። የሙት ንፍሮ በሐዘንተኛ ፊት የተፋ ሰው ደግሞ፣ በዚያች ከተማ ነገ እሱ ሲሞት ቃሬዛውን የሚሸከም አይገኝም።

«ምን አሉኝ፣ ጓድ ኢንጂነር?» አሉ ሽማግሌው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው። «በሞላ አፍ አይወራም፤ እናቴ በኩርኩም ነው ያስተማረችኝ።» በትንሿ በር ገቡ።

ማንም አልሳቀም፤ ሩስካም አልሳቀችም። ራንጌሎቭ ኩባያውን እንደያዘ ቆሟል፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ ከንፈሩ ላይ ተጣብቃለች። ቬሊችካ ዓይኗን ከመንጋጋው ሳትነቅል፣ ድሮ ቁልፍ ስትፈትሽ እንደምታደርገው ጆሮዋን ብቻ ወደ ውስጥ አቀናች። የእግር ኮቴ። ዝም። ቁልፍ ሲዞር። ከዚያ የብረት ቁምሳጥኑ ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ።

ሴቶቹ ኩባያቸውን አንድ በአንድ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ፤ ቀኙን ለደብተራቸው ባዶ አደረጉ።