አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

«ውሃ አለ ወይስ የለም በለው እንጂ!» ይለኛል ሹፌሩ ስዩም፣ ሞተሩን ሳያጠፋ።

አልልም። እንደዛ አይጠየቅማ። ድልድዩ እየተሰራ ስለሆነ መኪና ሁሉ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው የሚሻገረው፤ ልንገባ ስንል ይሄ ሽማግሌ ፍየሎቹን እየነዳ ከወንዙ ሲወጣ አገኘነውና ወርጄ እጁን ያዝኩት። አሁን ዳጉ ላይ ነን። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አይተላለፍም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዛ ቤተሰብ፣ ከዛ ከብት፣ ከዛ ሳሩ፣ ከዛ ዝናቡ። መሀል ላይ ካቋረጥከው ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄድልሃል።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እየተቁነጠነጠ ነው። ጎረቤታችን ዘሀራ ልጇ ሰመራ ወልዳ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛላት ነው የምትሄደው። አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ «ኡበይዳ! ያንተ ሰላምታ እስኪያልቅ ልጁ ይድሃል እኮ!» ትላለች። ሁሉም ይስቃል።

እኔ አልስቅም። አስር ሰዓት ላይ ሰመራ መድረስ አለብኝ። የዶክተር ሸዋንግዛው መታሰቢያ የትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ዛሬ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሀይለኛ አውሎ ነፋስና ድንገተኛ ጎርፍ ሲያጠና ኖሮ ዓምና ሞተ፤ ባለቤቱ በስሙ በየዓመቱ አንድ ልጅ ልታስተምር ነው። አንድ ብቻ። «በሰዓቱ ያልተገኘ እንደቀረ ይቆጠራል» ብለውኛል። ከቀረሁ ደግሞ ያው ጭፍራ፣ አባቴ ሱቅ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ መኖር ነው።

ሽማግሌው ዝናቡ ጋ ደረሰ። ጠዋት በደጋው በኩል፣ ወሎ ተራሮች ላይ፣ ከባድ ዝናብ ወርዷል። ውሃው እየመጣ ነው። እሱ አላየውም፤ ያየ ግመል ነጂ ነው የነገረው። ይሄንንም ሳይደብቅ ነው የሚነግረኝ፣ ዳጉ ላይ ያየኸውንና የሰማኸውን መቀላቀል ትልቅ ነውር ነው። እጄን ይለቅና ፍየሎቹን ወደ ዳገቱ ይነዳል።

«እሺ?» ይላል ስዩም።

ከዚህ መኪና አፋርኛ የሚሰማ እኔ ብቻ ነኝ። «ሰላም ነው አለ» ብል በቃ ማዶ ነን። አሸዋው ደረቅ ነው። ደግሞ እኔ አፋር አይደለሁም፣ የወሎ ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ዳጉ ደበቅክ ብሎ ማን ይጠይቀኛል?

ወደ ስዩም መስኮት ጠጋ እላለሁ።

«ውሃ እየመጣ ነው አለ።»

«ከየት? ሰማዩን አታየውም? ጥርት ብሏል!»

«እዚህ አይደለም የዘነበው። ደጋ ነው።»

«አይቷል?»

«አላየም። ሰምቶ ነው።»

«ሰምቶ!» ይላል ስዩም ወደ ተሳፋሪው ዞሮ። «ሰምቶ ነው አላችሁ!»

ይሄኔ አንድ አይሱዙ ከኋላ ይመጣል። ጡሩንባውን እየነፋ ያልፈንና ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ትንፋሻችንን ይዘን እናየዋለን። አቧራ ብቻ። ማዶ ወጣ። ጎማው እንኳን አልረጠበም።

«ይኸው! ሳበው፣ ሳበው!» ረዳቱ አብርሽ በሩን በጥፊ ይለዋል።

«አንተን ብለን በረሃ እንደር እንዴ?» ትላለች ዘሀራ። «ወላሂ አባትህ ሱቅ ሁለተኛ ድርሽ አልልም!»

ስዩም ማርሽ ያስገባል። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እግሬ ቀድሞኝ መኪናው ፊት ቆሜያለሁ። የመኪናው የፊት መከላከያ ጉልበቴን ነክቶ ቀጥ ይላል።

«ዞር በል! አብደሃል? ከጭፍራ ጀምሮ ፍጠን ፍጠን እያልክ ስትነዘንዘኝ የመጣኸው አንተ አይደለህም?»

ስልኬ ይጠራል። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ኡበይዳ? የሻረግ ነኝ፣ የዶክተር ሸዋንግዛው ባለቤት። ተራህ ሊደርስ ነው እኮ፣ የት ደረስክ?»

«አይደለሁም እትዬ። ወንዝ ዳር ነኝ። አንድ ሽማግሌ በዳጉ ውሃ እየመጣ ነው ብሎኝ መኪናውን አስቁሜ...» ጡሩንባው ድምፄን ይውጠዋል። እጮሃለሁ። «አልደርስም!»

ይቺን ቃል ስላት የአባቴ ሚዛን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የዘጋችው ይመስለኛል።

«ሽማግሌው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የከተማ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

«ሰምቶ። ካየ ሰው።»

«ሰማዩስ?»

«ጥርት ብሏል።»

«ሸዋንግዛው የሞተ ቀንም ጥርት ብሎ ነበር» ትላለች። «ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር ቆሞ እንዲጠብቅ ሲለምን የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ስብሰባ ረፍዶበት ነበር። ሹፌሩን ግባ አለው። አንተ ከመኪናው ፊት እንዳትነሳ። ስልኩንም እንዳትዘጋው።»

ስዩም ወርዶ ኮሌታዬን ያንቀኛል። «አሁንስ በዛ፣ አንተ...»

ቀድመው የሰሙት ፍየሎቹ ናቸው። ዳገቱ ላይ ሁሉም በአንዴ ጭንቅላታቸውን ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ያዞራሉ። ከዛ እኛም ሰማነው። ብዙ ከባድ መኪና ተከታትሎ የሚመጣ ይመስላል፣ መንገዱ ላይ ግን አንድም የለም። የስዩም እጅ ኮሌታዬ ላይ እንዳለ ይቀራል። ጡሩንባውን የሚነፋ የለም።

ከመታጠፊያው ቡናማ ውሃ ይወጣል። ጀሪካን፣ ግንድ፣ አንድ ግራር ከነስሩ ተሸክሞ ይመጣና የአይሱዙውን የጎማ ዱካ ጥርግ አድርጎ ይበላዋል።

«ያ ረቢ» ትላለች ዘሀራ፣ ፔርሙዙን አቅፋ።

«ኡበይዳ?» ይላል ስልኩ። «መጣ?»

እጄን እስከቻልኩት ዘርግቼ ስልኩን ወደ ውሃው እይዝላታለሁ።