የአሥር ሳምንቱ ሰርተፍኬት

«ምነው አንድ ቦታ ብትረጊ?» ትላለች ታናሽ እህቷ፣ የኮሌጁ መመዝገቢያ ክፍል ውስጥ አብራት ተራ እየጠበቀች። «እግርሽ እዚህም ማሽን እየረገጠ ነው እንዴ?»

«ፈረቃዬ ደርሷል። ስምንት ሰዓት ላይ የፋብሪካው በር ይዘጋብኛል።»

ፈረቃው ሰበብ ነው። ሴትዮዋን የሚያቁነጠንጧት ጉልበቷ ላይ ያሉት ሁለት ቅጾች ናቸው። አንዱ የአሥር ሳምንት የመነሻ ሰርተፍኬት፣ ሌላው የሁለት ዓመት ዲፕሎማ፤ ሁለቱም በሰው ኃይል አስተዳደር። የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ ቁርጡን ነግሯታል፦ «በሦስት ወር ውስጥ የመነሻ ወረቀት ካመጣሽ ቢሮ ውስጥ የረዳትነቱ ቦታ ያንቺ ነው። ካለፈ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ለእህቷ «መቆም ሰለቸኝ» ብላታለች። ውሸቷን ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሽመና ክፍል ውስጥ ስትሠራ ጩኸቱ ግራ ጆሮዋን በልቶ ጨርሶታል፤ እዚያው ከከረመች የቀኙም አይቀርላት። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

«እታለም፣ ትልቁን ውሰጂ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ሠላሳ ሴት ቀጥ አድርገሽ የምታሠሪ ፎርማን፣ ከትናንት ልጆች ጋር ፊደል ልትቆጥሪ? ሰው ምን ይላል?»

ነገሩ እሷንም የሚያንገበግባት ይኸው ነው። በዚህ ዕድሜዋ «ጀማሪ» መባል ያሳፍራታል።

ተራዋ ደርሶ ትጠራለች፤ እህቷም ትከተላታለች። መስኮቱ ጋ ያለው ወጣት መዝጋቢ ሁለቱን ቅጾች ያገላብጥና «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ከወፍራሙ መስታወት ወዲያ ከአለቃው ጋር ይነጋገራል። ድምፅ አይወጣም። ሽመና ክፍል ውስጥ ግን የማሽኑ ጩኸት ሰው ስለማያሰማማ፣ ሐሜቱም ቁጣውም የሚነበበው ከከንፈር ላይ ነው። ከንፈራቸውን ትኩር ብላ ትመለከታለች።

«የሚጠቅማት አጭሩ ነው» ይላል ልጁ።

«ለዲፕሎማው ሰው አጥተናል» ይላል አለቃው። «ልምድዎ ትልቅ ነው በላት። ደስ ይላትና ትመዘገባለች።»

ደሟ ይፈላል። ይበልጥ የሚያናድዳት ደግሞ ሰውየው አለመሳሳቱ ነው፤ ደስ ይላት ነበር።

ልጁ ተመልሶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እንግዲህ እርስዎ ልምድዎ ትልቅ ስለሆነ...»

«እሱን ተወው። አንተ ምን ትመክረኛለህ?»

ልጁ ወደ መስታወቱ ዞር ይልና በድንጋጤ ይመለሳል። «ሰሙን እንዴ?»

«አየኋችሁ።»

«አጭሩን» ይላል ልጁ። «ቅጹ ላይ እንደጻፉት ሥራው የሚጠብቅዎ ሦስት ወር ብቻ ከሆነ፣ አጭሩን ይያዙ። ዲፕሎማው የትም አይሄድም።»

የዲፕሎማውን ቅጽ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። እህቷ ከጎኗ በረጅሙ ትተነፍሳለች።

«አንዲት መስመር ባዶ ትተዋል» ይላል ልጁ። «መምህሩ ሊያውቀው የሚገባ የጤና ሁኔታ ካለ የምትለዋን። ከሌለ የለም ብለው ይጻፉ።»

«የ» ብላ ትጀምራለች። እጇ ይቆማል። ነገ ሥራውን ስትይዝ አንዱ ሠራተኛ የቢሮዋን በር ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ችግሩን ሊነግራት ይመጣል። ያኔስ እንደ ሰማች ሆና አንገቷን ልትነቀንቅለት ነው? ፊደሉን ትሰርዝና «ግራ ጆሮዬ አይሰማም» ብላ ትጽፋለች። ስትጽፈው ዓይኗ ይቃጠላል።

እህቷ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። ከቆመችበት ከግራዋ ተነስታ፣ በጀርባዋ ዞራ በቀኟ በኩል ትመጣለች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» ትላታለች፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ።